«ተቃጥሏል» ከማለት በፊት

አንድ ላፕቶፕ አልነሳ ሲል ምን ሆነ ማለት ነው? መልሱ አፋችን ላይ ነው፤ ተበላሸ እንላለን። በዚያች ቅጽበት በእጃችን ያለው እውቀት ቢመዘን ግን እጅግ ትንሽ ነው። ቁልፉን ተጫንን፣ የጠበቅነው ብርሃን አልመጣም፤ ከዚህ አልፎ የምናውቀው የለም። ፍርዳችን ግን ከዚህ ርቆ ይሄዳል፤ ጉድለቱ ዕቃው ውስጥ እንዳለ፣ አንዱ አካሉ ከጤና ወደ ሕመም እንደተሻገረ፣ ትናንት የነበረው ነገር ዛሬ እንደሌለ ይናገራል። ያየነው የአንድ ልማድ መቋረጥ ነው፤ የፈረድነው በአንድ ዕቃ ላይ ነው። በሁለቱ መካከል ያለችውን እርምጃ ሳናስተውል ስለምንራመዳት፣ እዚህ ቆም ብዬ ላያት እፈልጋለሁ።

ጥያቄው አዲስ አበባ ላይ የሥራ ፈት ጨዋታ ሊመስል ይችላል። እዚያ የጥርጣሬ ዕድሜው አጭር ነው። ላፕቶፑን ብብት ሥር ሸጎጥ አድርጎ ወደ ቅርቡ ጥገና ቤት ጎራ ማለት ነው፤ ባለሙያው ከመሳቢያው ሌላ ቻርጀር አውጥቶ ይሰካል፣ እሱ ካልሆነ ሌላ ራም ይሞክራል፣ ነገሩ ያልቃል። ኩሌ ላይ ግን እንዲህ አያልቅም። ኩሌ በጋምቤላ ክልል፣ ኢታንግ ውስጥ ያለ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ነው። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ጁባ ላይ የፈነዳው ጦርነት ተስፋፍቶ ሰዉን ወደ ድንበሩ ሲገፋው፣ ቀድሞ የተከፈተው የቲርኪዲ ጣቢያ ሞላ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይም ኩሌ ተከፈተ። ከ40 ሺህ በላይ ሰው፣ አብዛኛው ኑዌር፣ ይኖርበታል። በእንዲህ ያለ ቦታ ላፕቶፕ ከብዙዎች አንዱ አይደለም። የአንድ አስተማሪ ወይም የአንድ ማኅበር ብቸኛ ዕቃ ነው። በውስጡ የተማሪዎች ስም ዝርዝር፣ ወረቀቱ በሽሽት የጠፋ የትምህርት ማስረጃ ፎቶ፣ አሁን በሦስት አገር የተበተነ ቤተሰብ የሠርግ ምስል ሊኖር ይችላል። እዚህ «ምን ሆነ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ፍልስፍና አላማረውም፤ ጥያቄው ግን እሱ ሳይፈልገውም ፍልስፍና ይሆንበታል።

ከዝምታው እንነሳ። ቁልፉ ሲነካ መጀመሪያ የሚሰማው ዋናው ፕሮሰሰር አይደለም። ማዘርቦርዱ ላይ፣ ላፕቶፑ ጠፍቶም ቢሆን ከባትሪው ትንሽ ትንሽ እየቀማመሰች ነቅታ የምትጠብቅ አንዲት ቺፕ አለች። ስለዚህ «ጠፍቷል» የምንለው ላፕቶፕ እንኳ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ አያውቅም። እሷ ኃይሉን በየተራ ትለቃለች፤ ፕሮሰሰሩም ሲነቃ ምንም የሚያውቀው ስለሌለ፣ ሠሪዎቹ አስቀድመው ወደ ወሰኑለት አንድ ቋሚ አድራሻ ሄዶ እዚያ የተቀመጠለትን የመጀመሪያ ትእዛዝ ያነባል። ከዚያ ራሱን ይፈትሻል፤ ማስታወሻው አለ? ቪዲዮው አለ? ዲስኩ አለ? እያለ። ፕሮግራምን የሚያስነሳው ሌላ ፕሮግራም ከሆነ የመጀመሪያውን ማን አስነሳው የሚለው ጥያቄ እዚህ ጋ መምጣቱ አይቀርም። አርስቶትል ተመሳሳይ የኋሊት ጉዞ ገጥሞት፣ ራሱ ሳይንቀሳቀስ ሌላውን የሚያንቀሳቅስ መነሻ አስፈልጎታል። መሐንዲሶቹ ጥያቄውን አልመለሱትም፤ በብየዳ ዘጉት። የመጀመሪያዋ ትእዛዝ ያለችበት ቺፕ ቦርዱ ላይ ተበይዳለች፣ አድራሻዋም አይቀየርም፣ አለቀ። መጀመሪያ የሚባል ነገር ሁሉ እንዲህ አንድ ሰው «ከዚህ ወዲያ አትጠይቁ» ብሎ የቸነከረው ይሆን እያልኩ አንዳንዴ አስባለሁ።

ከዚህ አንድ እንግዳ ነገር ይከተላል። ስክሪኑ ሥራ የሚጀምረው ከብዙዎቹ በኋላ ነው፤ ላፕቶፑ በጽሑፍ «እዚህ ጋ አሞኛል» ብሎ ሊነግረን ከቻለ ኃይሉ፣ ፕሮሰሰሩ፣ ማስታወሻውና ቪዲዮው ሠርተዋል ማለት ነው። ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ አፍ የሌለው ጊዜ ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው የአይቢኤም ፒሲ ይህን በድምፅ ሊሞላው ሞክሮ ነበር፤ አንዲት አጭር ጡጥ ካለ ደኅና ነው፣ ሌላ ዓይነት ከጮኸ ሕመሙ በጩኸቱ ዓይነት ይለያል። የዛሬዎቹም አንዳንዶቹ ይጮኻሉ፣ አንዳንዶቹ መብራት ያርገበግባሉ። ለመጮኽ ግን ፕሮሰሰሩ ቢያንስ ጥቂት ትእዛዝ መፈጸም አለበት፤ እሱ ከተያዘ ጩኸትም የለም። ሕመሙን የሚናገር ኮምፒውተር እንግዲህ ከሞላ ጎደል ጤነኛ ነው፤ የባሰበት ዝም ይላል። ይህ ብቻ ቢሆን ዝምታን የሕመም ልክ አድርገን እናነበው ነበር። ነገር ግን ደኅና ሆኖም ዝም የሚል አለ። የስክሪኑ የኋላ መብራት ብቻ የጠፋበት ላፕቶፕ ውስጡ ተነስቶ፣ የይለፍ ቃል ጠይቆ፣ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ የእጅ ባትሪ በሰያፍ ሲያበሩበት ምስሉ እንደ ጥላ ደብዝዞ ይታያል። ባለቤቱ ፊት ለፊቱ ሙሉ በሙሉ የሚሠራ ነገር ይዞ ሞተብኝ ይላል። ያልተነሳውንና መነሳቱ ያልታየውን የሚለይልን ዝምታው ራሱ አይደለም፤ ከውጭ የሚመጣ ሌላ ብርሃን ነው።

ከውጭ የሚመጣ የሚለው ነገር የጉዳዩ እምብርት ይመስለኛል። ፍተሻ የሚባለው ሁሉ ገላልጠው ሲያዩት ማነጻጸር ነው። ባለሙያው ቻርጀሩን የሚጠረጥረው ቻርጀሩን አይቶ አይደለም፤ ጤነኛነቱን የሚያውቀውን ሌላ ቻርጀር ሰክቶ ልዩነቱን ስላየ ነው። ራሙን የሚያሰናብተው ሌላ ራም አስመስክሮበት ነው። በእጁ ያለው ዋና ሀብት ታዲያ እውቀት አይደለም፣ መለዋወጫ ነው፤ ወይም ይበልጥ በትክክል፣ እውቀቱ በመሳቢያው ውስጥ ነው ያለው። ኩሌ ላይ መሳቢያው ባዶ ነው። አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ቻርጀር፣ አንድ ዲቫይደር። ቻርጀሩ ደኅና መሆኑን ማን ይመስክር? ላፕቶፑ። ላፕቶፑስ ደኅና መሆኑን? ቻርጀሩ። ሁለቱም ተከሳሾች ናቸው፣ ሁለቱም ምስክሮች፤ አንዱ የሌላውን ቃል ከማጽናት በቀር ምንም ማድረግ አይችሉም። ማርቲን ሃይዴገር በ1927 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ህላዌና ጊዜ» ላይ መዶሻ በደንብ ሲሠራ እንደማይታወቀን፣ ሲሰበር ግን ድንገት ዓይናችን ውስጥ እንደሚገባ ያስረዳል። ጥሩ አስተውሏል። ግን የእሱ ባለመዶሻ ግድግዳው ላይ ሌላ መዶሻ የተሰቀለለት ሰው ሳይሆን አይቀርም። ሁለተኛ የሌለው ሰው ዕቃው ሲሰበር የሚገለጥለት ዕቃው አይደለም፤ እውቀቱ ምን ያህል በሌሎች ዕቃዎች ላይ ተደግፎ ይኖር እንደነበር ነው።

መለኪያ ካለ ሁለተኛ ዕቃ ለምን ያስፈልጋል ሊባል ይችላል። ቴስተር አምጥተን የቻርጀሩን ጫፍ እንለካለን፤ 19 ቮልት የሚል ቻርጀር 19 ካሳየ ነጻ ነው። እንደዚያ ቢሆን እንዴት ጥሩ ነበር። ነገር ግን ገመዱ ውስጡ ተበጣጥሶ በአንድ ቀጭን ክር የቀረ ቻርጀር ምንም ሳይሸከም ሲለካ 19 ቮልቱን ሙሉ ያሳያል፤ ላፕቶፑ ተሰክቶ ኃይል ሲስብ ይወድቃል። ምንም ያልተጠየቀ ነገር ሁሉ ጤነኛ ነው። ስለዚህ መለኪያውም የሚነግረን ዕቃው ምን እንደሆነ ሳይሆን ባልተፈተነበት ሰዓት ምን እንደሚመስል ነው፤ በሸክም ለመፈተን ደግሞ ሸክሙ፣ ማለትም ያ የምንጠረጥረው ላፕቶፕ፣ ያስፈልጋል። ዞረን እዚያው ነን። ሰዎች ታዲያ ምን ያደርጋሉ? ገመዱን ከአንገቱ ላይ ይዘው ነካ ነካ፣ ጠምዘዝ ዘወር ያደርጉታል፤ መብራቷ ብልጭ ካለች እዚያው ላይ እንዳለ በፕላስተር ያስሩታል። ይህን ሲያዩ የሚስቁ ሰዎች አሉ። እኔ ግን ሁለተኛ በሌለበት ዓለም ሊደረግ የሚችል እውነተኛ ሙከራ ሆኖ ይታየኛል፤ አንዱን ዕቃ ከሌላ ዕቃ ጋር ማነጻጸር ሲያቅት፣ አንዱኑ ዕቃ በተለያየ ሁኔታ ከራሱ ጋር ማነጻጸር ነው።

እስካሁን ጉድለቱ ከዕቃዎቹ በአንዱ ውስጥ እንዳለ ይዘን ነው የመጣነው። እሱም ቢሆን መጠርጠር አለበት። የጋምቤላ ሙቀት በበጋው ማገባደጃ 40 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፤ በላስቲክና በቆርቆሮ ሥር ያለው ከዚያም ይብሳል። የላፕቶፕ ባትሪ ደግሞ በተለምዶ ከ45 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ኃይል አይቀበልም፤ ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ በሩን ይዘጋል፣ ያለዚያ ሴሎቹ ይጎዳሉ፣ ሊነዱም ይችላሉ። ለወራት ባዶውን የተቀመጠ ባትሪም እንዲሁ ከተወሰነ ቮልት በታች ሲወርድ ራሱን ይቆልፋል። ባለቤቱ የሚያየው እምቢታ ነው፤ ውስጡ ያለው ግን ዕቃው እንዳይበላሽ የተሠራለትን ሥራ በትክክል መፈጸሙ ነው። ጤነኛ ስለሆነ አልነሳም! የተበላሸው ያለ ማንገራገር ይነሳና በኋላ ይነድ ይሆናል። እዚሁ ጋምቤላ ለዚህ የቆየ ምሳሌ አላት። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ከተፈቀደ በኋላ፣ ከሱዳን የሚመጡ የእንፋሎት መርከቦች እስከዚያ ድረስ ይወጡ ነበር፤ ግን በክረምት ብቻ። ወንዙ ሲጎድል ጋምቤላ መድረስ አይችሉም። በጥር ወር ለምን አልመጣችሁም ተብሎ የአንዷን መርከብ ሞተር የፈታታ ሰው ቢኖር፣ ብሎን በብሎን ሲመረምር ይከርማል እንጂ ጉድለቱን አያገኘውም፤ ጉድለቱ መርከቧ ውስጥ የለማ። ላፕቶፑም ከራሱ ውጭ ያለ ነገር ያስፈልገዋል፤ የሚዋዥቅ ጄነሬተር፣ ምሽት ላይ የተዳከመ የሶላር ባትሪ፣ የማይረባ ኢንቨርተር ሁሉ የመነሳቱ አካል ናቸው። የላፕቶፑ ድንበር የት ላይ ነው የሚያልቀው ብለን ስንጠይቅ ፕላስቲኩ ጠርዝ ላይ ነው ማለት እንወዳለን፤ መነሳቱ ግን ከዚያ ጠርዝ ውጭ ይጀምራል።

ይህን ሁሉ የሚያሳጥር አንድ ብይን አለ፤ ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል። ጥገና ቤት የሄደ ሁሉ ሰምቶታል። ማዘርቦርድ በእርግጥ ይቃጠላል፤ ኮረንቲው ሲጨምርና ሲቀንስ አንዲት የሽንብራ ፍሬ የማታክል ክፍል ሾርት ታደርግና ሙሉው ቦርድ ይተኛል። እኔን የሚያሳስበኝ ብይኑ የሚሰጥበት ሰዓት ነው። ቻርጀሩ ተለወጠ፣ አልሆነም፤ ራሙ ወጥቶ ወርቃማ ጥርሶቹ በላጲስ ተወልውለው ተመለሰ፣ አልሆነም፤ ዲስኩ ተነቀለ፣ አልሆነም፤ ስለዚህ ተቃጥሏል። ይህ አንድ ነገር ተገኝቶ የተሰጠ ብይን አይደለም፣ ሌላ የሚሞከር ነገር በማለቁ የተሰጠ ነው። ማዘርቦርዱ የሚቃጠለው መሳቢያው ባዶ ሲሆን ነው ማለት ይቻላል፤ መሳቢያው ትንሽ በሆነ ቁጥርም ብዙ ማዘርቦርድ ይቃጠላል። በዚህ ሒሳብ አዲስ አበባ ላይ የሚድን ላፕቶፕ ጋምቤላ ከተማ ላይ የሚያጠራጥር፣ ኩሌ ላይ የሞተ ነው፤ ዕቃው ግን አንድና ያው ነው። ሞት እንዲህ በመኪና መንገድ ርቀት የሚለካ ከሆነ በእርግጥ የዕቃው ጠባይ ነው? ወይስ በዕቃውና በአካባቢው መካከል ያለ ዝምድና? ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አልሄድም፣ ሾርት ያደረገችው ክፍል የትም ቦታ ሾርት ናትና።

ባለሙያውና ባለቤቱ ሲነጋገሩ ብዙ ጊዜ የማይግባቡት ሌላም ነገር አለ። ባለሙያው «ምኑ?» ይላል፣ ባለቤቱ «ለምን አሁን?»። ኤድዋርድ ኢቫንስ-ፕሪቻርድ ስለ ኑዌርና ስለ አኝዋክ የጻፈ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም በዚሁ ድንበር አኝዋኮችን ይዞ ጣሊያንን የወጋ እንግሊዛዊ አንትሮፖሎጂስት ነው። ዛሬ ደቡብ ሱዳን በሚባለው አገር ስለሚኖሩት አዛንዴዎች በ1937 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ያነሳው አንድ ምሳሌ አለ። ጎተራ ይወድቅና ከሥሩ ጥላ ፈልገው የተቀመጡትን ሰዎች ይጎዳል። ምሰሶውን ምስጥ እንደበላው አዛንዴው አይክድም፤ ያውቀዋል። የሚጠይቀው እነዚህ ሰዎች፣ በዚህች ሰዓት፣ እዚህ ተቀምጠው ሳለ ለምን ወደቀ ብሎ ነው። የእሱ መልስ ጥንቆላ ነበር። እኛ መልሱን ትተን ጥያቄውንም አብረን የጣልነው ይመስለኛል። ለፈተና ዝግጅት፣ ለማመልከቻ ማብቂያ ቀን ዋዜማ አልነሳ ያለበት ሰው «ራሙ ላልቶ ነው» ሲባል የሰማው መልስ የጠየቀውን አይደለም። ራም በማንኛውም ቀን ሊላላ ይችላል፤ ለምን ዛሬ? አጋጣሚ ነው ይባላል። አጋጣሚ ግን ማብራሪያ አይደለም፤ ማብራሪያው እዚህ ላይ ማለቁን በጨዋነት መናገሪያ ነው። አንድ ነገር መጨመር ይቻላል፤ ላፕቶፑ በትርፍ ቀናችን አልነሳ ቢል እንደ ጉዳት አንቆጥረውም፣ ነገ እሞክረዋለሁ ብለን እንዘጋዋለን፣ እንረሳዋለንም። «ዛሬ» የሆነው ዛሬ ስለፈለግነው ነው። ይህም ቢሆን አዛንዴውን የሚያሳርፈው አይመስለኝም።

የጠፋው ነገር ምን እንደሆነም ገና አልለየንም። ባለቤቱ ላፕቶፔ ሞተ ሲል የሚያለቅሰው ለፕላስቲኩ አይደለም። ዲስኩ በትናንሽ ብሎኖች የታሰረ የተለየ አካል ከሆነ ተፈትቶ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ ፎቶውም ማስረጃውም እንዳለ ይገኛል፤ አካሉ ቀርቶ ትዝታው ተሻገረ። የሚገርመው ይህ ዕድል ያለው ወፍራሙና አሮጌው ላፕቶፕ መሆኑ ነው። ከአዳዲሶቹ ቀጫጭኖች አንዳንዶቹ ዲስካቸው ከቦርዱ ጋር የተበየደ፣ ፋይላቸውም በቁልፍ የተመሰጠረ ስለሆነ አካላቸው ሲሄድ ትዝታቸውም አብሮ ይሄዳል። ዕቃ በረቀቀ ቁጥር ከሰው ጋር እየተመሳሰለ የሚሄደው እንግዲህ በማሰቡ ብቻ አይደለም፤ በሞቱም ነው። በልገሳ ወይም በርካሽ ገበያ ኩሌ የሚደርሰው ያረጀ ላፕቶፕ በዚህ በኩል ከባለጸጋው የተሻለ ነፍስ አለው።

አሁን ወደ መልካሙ ዕድል እንምጣ። ቻርጀሩ ይነቀላል፤ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ ይወጣል፤ የማብሪያው ቁልፍ ለሠላሳ ሰከንድ ያህል ተጭኖ ይያዛል። በቦርዱ ላይ የቀረችው ቅሪት ኃይል ትፈሳለች፣ ያቺ ነቅታ የምትጠብቀው ቺፕ ተደናግራ ከነበረ ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ባትሪው ይመለሳል፣ ቁልፉ ይነካል፣ ማራገቢያው ያጓራል፣ ስክሪኑ ይበራል። ብዙ ጊዜ የሚሠራ ዘዴ ነው። ግን ምን ነበር? አይታወቅም። ጉድለቱ የነበረበት ሁኔታ ከቅሪቱ ጋር ፈሶ ሄዷል፤ ፈውሱ ማስረጃውን አጥፍቷል። እምቢ ባለበት ሰዓት የሚመረመር ነገር ነበረ፣ መልስ አልነበረም፤ አሁን መልሱ መጣ፣ የሚመረመረው ጠፋ። በእርግጥ ድኗል ወይ የሚለውን ለማወቅ ደግሞ አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው፤ አጥፍቶ እንደገና ማስነሳት። ማወቅ የሚፈልግ ሰው ያጠፋዋል። ባለቤቱ ግን አያስነካም፤ ክዳኑን ሳይዘጋ፣ ቻርጀሩን ሳይነቅል፣ ፍላሽ ሰክቶ ፋይሉን በየተራ መገልበጥ ይጀምራል፤ ለማረጋገጥ ሲል በያዘው አይወራረድም። ሁለቱም ልክ ናቸው ብዬ ባልፍ ሽሽት ይሆንብኛል። እኔ ከባለቤቱ ጋር ነኝ፤ ቢያንስ ቅጂው እስኪያልቅ።